መሪ መሳብ (ዝቅ በተደረገ ያገለገለ መኪና ላይ)

መሪ መሳብ ማለት መኪና በደልዳላ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው፣ አሽከርካሪው እጁን ከመሪው ላይ ሲያላላ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ የሚሄድበት ብልሽት ነው። መኪናው ቀጥ እንዲል አሽከርካሪው መሪውን ያለማቋረጥ ወደ ተቃራኒው ጎን መያዝ ይኖርበታል። በረጅም ጉዞ ትከሻ ያደክማል፣ ጎማም ይበላል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ከመስመሩ አውጥቶ ከፊት ለፊት ከሚመጣ ተሽከርካሪ ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

ችግሩ በማንኛውም መኪና ላይ ይከሰታል። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ግን ከፋብሪካ ቁመቱ ዝቅ ተደርጎ ከቆየ በኋላ ለሌላ ሰው የተሸጠን መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ላይ ምክንያቱን መፈለግ የሚከብደው የቀድሞው ባለቤት ምን እንደቀየረ፣ ማን እንደገጠመው፣ መኪናው ከየትኛው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ጋር እንደተጋጨ በሊብሬው ላይ ስለማይጻፍ ነው። ዋናው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2000 ሞዴል ያለው ሆንዳ ሲቪክ ነው፤ በተለይ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ዝቅ በማድረግ ከታወቁት መኪናዎች አንዱ ስለሆነና የእገዳ ሥርዓቱ ጉዳዩን በግልጽ ስለሚያሳይ።

ዝቅ ማድረጉ ራሱ አይስብም

በብዙዎች ዘንድ መኪናው የሚስበው «ዝቅ ስላለ ነው» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ዝቅ ማድረግ የጎማዎቹን ማዕዘን ይቀይራል፤ ሁለቱም ጎን እኩል ከተቀየረ ግን የግራው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋውን ያህል የቀኙ በተቃራኒው ይገፋና ይጣጣላሉ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ 2.5 ዲግሪ ያዘነበሉበት መኪና ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ማለቁ ሌላ ጉዳይ ነው። መሳብ የሚመጣው ከግራና ቀኝ ልዩነት ነው። ስለዚህ ፍለጋው «ይህ መኪና ከፋብሪካ ልኩ በምን ተለየ» በሚል ሳይሆን «ግራው ከቀኙ በምን ተለየ» በሚል ጥያቄ መጀመር አለበት።

ዝቅ ማድረግ የሚያመጣው ጉዳት በሌላ መንገድ ነው። ልዩነት የሚፈጠርባቸውን አጋጣሚዎች ያበዛል፤ ድሮ የማይሰማ የነበረ ትንሽ ልዩነትም እንዲሰማ ያደርጋል። ሰፊና ጎኑ አጭር ጎማ፣ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ፣ ጠንካራ ሞላ፣ እነዚህ ሁሉ የመንገዱን ግፊት ሳያለዝቡ ወደ መሪው ያደርሳሉ።

መሳብ ያልሆኑ ነገሮች

መንገድ ውሃ እንዲያፈስ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ሁለት በመቶ ገደማ ተዳፋት ተደርጎ ይሠራል። በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ እንደ ኢትዮጵያና አሜሪካ፣ ጤነኛ መኪናም መሪው ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይወርዳል። በግራ በሚነዳባቸው እንደ ጃፓን፣ እንግሊዝና ኬንያ ባሉት ደግሞ ወደ ግራ። ይህ ብልሽት አይደለም።

መኪናው ቀጥ እያለ መሪው ብቻ ጠምዘዝ ብሎ የሚቆም ከሆነም መሳብ አይባልም። አብዛኛውን ጊዜ የቶ ማስተካከያ ሲሠራ መሪው መሐል ላይ ሳይያዝ ቀርቶ ነው፤ ወይም የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ጎን እያዩ መኪናው እንደ ሸርጣን አግድም እየሄደ ነው። ሁለተኛውን ከኋላ የሚከተል ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ነዳጅ ሲሰጥ ወደ አንድ ጎን የሚጎትትና እግር ሲነሳ የሚተው ከሆነ ምክንያቱ ከሞተሩ ጉልበት ጋር የተያያዘ ነው። በፊት ጎማ በሚጎተቱ መኪናዎች ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች ርዝመታቸው እኩል ካልሆነና መኪናው ዝቅ ሲል የማዕዘናቸው ልዩነት ከሰፋ ይህ ይባባሳል። በጎማ የተቦረቦረ አስፋልት ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚል መኪና ደግሞ ሰፊ ጎማው የመንገዱን ቦይ እየተከተለ ነው። አላይመንት ቤት ቢወሰድም አይድንም፤ ጠበብ ያለ ጎማ ነው መፍትሔው።

አንዱ ጎማ ጉብታ ሲመታ መኪናው በድንገት የሚዘልበት ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። መኪና ዝቅ ሲል የመሪ ዘንጉና የታችኛው ክንድ አንግል አብሮ አይሄድም፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን ትንሽ ያዞራል። ይህ በልክ ካልተስተካከለ ምንም ያህል አላይመንት ቢሠራ መኪናው በኮረኮንች ላይ አያርፍም።

የሙከራ ጉዞ

ከሁሉ በፊት የአራቱም ጎማ አየር በቀዝቃዛ ሁኔታ ይለካል። የፊት ጎማዎቹ መካከል የ5 ወይም የ6 ፒኤስአይ ልዩነት ብቻ መኪናን ወደ አነሰው ጎን ለመሳብ ይበቃል፤ ይህን ሳይለኩ ሻንሲ ስር መግባት ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ባዶና ደልዳላ መንገድ ተመርጦ በአንድ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይነዳል። አቅጣጫ ሲቀየር መሳቡም ከተቀየረ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ጎን ከሳበ የመኪናው ነው።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይለያሉ፦ ነዳጅ ሲሰጥ፣ በፍሪሲዮን ወይም በዜሮ ማርሽ ሲንሳፈፍ፣ ፍሬን ሲያዝ። በሦስቱም እኩል የሚስብ ከሆነ ጎማ ወይም ማዕዘን ነው። በፍሬን ብቻ ከሆነ ፍሬን ወይም የላላ ጎሚኒ ነው። አንድ ሌላ ፈተናም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወደ ቀኝ ታጥፎ ከወጣ በኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ታጥፎ ሲወጣ ወደ ግራ የሚስብ መኪና መሪው መሐል ላይ አይመለስም ማለት ነው፤ የሚፈለገውም የያዘ ነገር ነው፦ የደረቀ ቦል ጆይንት፣ የተበላሸ የላይ ኩሽኔታ፣ ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ የመሪ ሳጥን።

ጎማ

ዝቅ በተደረገ ያገለገለ መኪና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎማ ነው፤ ይህ ግን ጋራዥ ውስጥ በመጨረሻ የሚታይ ነገር ሆኖ ይገኛል። በራዲያል ጎማ ውስጥ ያሉት የብረት ቀበቶዎች በአሠራር ስህተት ወደ አንድ ጠርዝ ካዘነበሉ ጎማው ሲንከባለል እንደ ሾጣጣ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ የተንከባለለ የቡና ሲኒ በክብ እንደሚዞረው ሁሉ እሱም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። በዓይን አይታይም፤ አዲስ ጎማም ላይ ይገኛል።

ለማወቅ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቦታ ይቀያየራሉ። መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ወይም ከጠፋ ጥፋቱ የጎማ ነው፤ እንደነበረ ከቀጠለ ጎማ አይደለም። ጎኑ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ለአጭር ሙከራ በደረቅ መንገድ ተቀያይሮ ሊነዳ ይችላል፣ እንደዚያ ግን አይተውም። የፊትና የኋላ መጠናቸው አንድ ከሆነ በአንድ ጎን የፊቱን ከኋላው ጋር መለዋወጥ የተሻለ ነው፤ ቀስቱም አይገለበጥም።

ዝቅ ያለ መኪና ላይ ጎማው በአጠቃቀምም ሾጣጣ ይሆናል። የቀድሞው ባለቤት ማዕዘኑን ሳያስተካክል ለወራት ከነዳው የውስጥ ጠርዙ ይበላል፣ ግራና ቀኙም እኩል አይበላም። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ወጥመድ አለ። ገዢው አላይመንት ያሠራል፣ ወረቀቱ ሁሉም ልክ ነው ይላል፣ መኪናው ግን መሳቡን አይተውም። ማዕዘኑ በእርግጥ ተስተካክሏል፤ ጎማው ግን የድሮውን ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ የውስጥ ጠርዙ በእጅ ሲዳሰስ ካለቀ ጎማው አስቀድሞ መቀየር አለበት። የውስጡ ጠርዝ ከውጭ ስለማይታይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ወይም በክሪክ አንስቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሽቦው የወጣ ሊሆን ይችላል።

ቸርኬውም ይታያል። በአንድ ጎን ብቻ በቸርኬውና በመገጣጠሚያው መካከል የገባ ማራቂያ ቀለበት፣ ወይም ልኩ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ቸርኬ፣ መሪው የሚዞርበትን ነጥብና ጎማው መሬት የሚነካበትን ነጥብ ርቀት በዚያ ጎን ይቀይራል። ፍሬን ሲያዝ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ፍሬን

መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ብዙ ሳይያዝ ከተነዳ በኋላ ቆሞ እጅ ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ ይደረጋል። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ አለቀቀም፤ መኪናውም ወደሞቀው ጎን ይስባል። ብረቱን መንካት አያስፈልግም፣ ያቃጥላል።

ያልለቀቀበትን ምክንያት ለመለየት ጎማው ተነስቶ በእጅ ይዞራል። እንደያዘ ከሆነ የፍሬን ዘይት ማስተንፈሻዋ ቡሎን በጥቂቱ ትፈታለች። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ በአንድ ጎማ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ጎማው አሁንም ከያዘ ፒስተኑ ወይም መንሸራተቻ ዘንጎቹ ዝገዋል። ከዚህ ሙከራ በኋላ ፍሬኑ አየር እንዳይቀርበት መተንፈስ አለበት። ዝቅ ያለ መኪና ላይ ቱቦው የተለመደ ቦታውን ስለሚለቅ በቸርኬ የተፋቀ ወይም የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል፤ መሪው ወደ ሁለቱም ዳር ታጥፎ ይታይ።

በተቃራኒው ፍሬን ሲያዝ የሚስበው ጎን ጤነኛው ሊሆን ይችላል፣ ደካማው ሌላኛው ነው። በዘይት የተነከረ ሸራ ወይም የማይንቀሳቀስ ፒስተን ያለበት ጎን ስለማይይዝ መኪናው ወደሚይዘው ጎን ይሄዳል። በፍሬን ጊዜ የሚስብ መኪና ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ መነዳት የለበትም።

የቁመት ልዩነት

የሁለቱ ጎን ቁመት የሚለካው ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው፤ ከመሬት ሲለካ የጎማው አየርና መበላት ያሳስታል። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ፣ ከመለካቱ በፊት ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለጋል። ያገለገለ መኪና ፓራፋንጎው ራሱ በግጭት ተነስቶ የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል ከሻንሲው የክሪክ ማስገቢያ እስከ መሬት ያለውም ቢወዳደር ጥሩ ነው።

ቁመቱ እንዲስተካከል የሚያስችል ጥርስ ያለው ሾክ አብዞርበር ከተገጠመ ሥራው ቀላል ነው፤ ቀለበቱ ይዞራል። ቆሻሻና ጨው ስለሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ በዘይት ሳይርስ አይንቀሳቀስም። አጫጭር ሞላዎች ከሆኑ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው ገብተው እንደሆነ፣ ጫፋቸውም በመቀመጫው ላይ በትክክል ያረፈ መሆኑ ይታያል።

ሞላው በመጋዝ የተቆረጠ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሞላ ሲቆረጥ የቀሩት ቀለበቶች ስለሚያንሱ ይጠነክራል፤ በሁለቱ ጎን ሩብ ቀለበት ልዩነት ካለ ቁመቱም ጥንካሬውም ይለያያል። የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠልም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቀው ያሳጠሩት ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ እያደር ይወርዳል፣ ሁለቱ እኩል አይወርዱም። በተቆረጠ ሞላ ላይ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው። ሞላዎቹ በጥንድ ተቀይረው ይጀመር።

የተጠማዘዙ ጎሚኒዎች

የእገዳው ክንዶች ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት በጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ከውስጡ የብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከሻንሲው ጋር ይጣበቃል፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስም ጎማው ይጠማዘዛል እንጂ አይንሸራተትም። ስለዚህ ቡሎኑ የጠበቀበት ቁመት ለጎሚኒው «እረፍት» ይሆነዋል።

መኪናን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ሾክና ሞላ ቀይሮ ሁሉንም ቡሎን እዚያው አጥብቆ ማውረድ በየቦታው የሚሠራ ስህተት ነው። መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ተጠማዝዘው ይቀራሉ፤ እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆነው ይገፋሉ። አንዱ ጎን ተፈትቶ እንደገና ከጠበቀ ሌላው ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ ከቀረ ግፊቱ እኩል አይሆንም፤ ቁመቱም አቅጣጫውም ይለያያል። ከዚያም ጎሚኒው ቶሎ ይቀደዳል።

መፍትሔው ምንም አያስከፍልም። መኪናው በጎማው ላይ እንደቆመ በመወጣጫ ላይ ይደረጋል፣ የክንዶቹ ቡሎኖች ሁሉ ይላላሉ፣ መኪናው ከላይ ጥቂት ጊዜ ይጫናል፣ በዚያው ቁመት በፋብሪካው ልክ ይጠብቃሉ። ዝቅ የተደረገ መኪና ከተገዛ በኋላ ከአላይመንት በፊት ይህን ማድረግ ብቻውን አንዳንድ ጊዜ መሳቡን ያስቀረዋል። የኋላውም እንዲሁ ይደረጋል፤ ብዙዎች የፊቱን ሠርተው የኋላውን ይረሱታል።

ካምበር፣ ካስተርና ቶ

ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው፤ አናቱ ወደ ውስጥ ከሆነ ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። መኪናው የሚስበው ካምበሩ ይበልጥ ወደ ፖዘቲቭ ወደሆነው ጎን ነው። ግራው −2.5 ዲግሪ፣ ቀኙ −1.5 ዲግሪ ቢሆን ሁለቱም ኔጋቲቭ ቢሆኑም መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ካስተር መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ነው። መሪው ታጥፎ ሲለቀቅ ራሱን የሚመልሰው እሱ ነው። መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይስባል፤ ግራው 2 ዲግሪ ቀኙ 4 ዲግሪ ከሆነ ወደ ግራ። ለሁለቱም በግራና ቀኝ መካከል ከግማሽ ዲግሪ የማይበልጥ ልዩነት በአብዛኛው ተቀባይነት አለው።

ቶ ከላይ ሲታይ የጎማዎቹ አፍንጫ እርስ በርስ የሚተያይ ወይም የሚለያይ መሆኑ ነው። የፊት ቶ ቢዛባ መኪናው በአብዛኛው አይስብም፤ ሁለቱ ጎማዎች በመሪ ዘንጉ ስለተያያዙ ስህተቱን ይካፈሉታል። ጎማ በፍጥነት የሚበላው ግን ይኸው ነው። ዝቅ ያለ መኪና ጎማ የሚጨርሰው ካምበር ነው የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው፤ በካምበር ብቻ የሚበላ ጎማ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቶ ሲጨመርበት ግን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል።

የሆንዳ ሲቪክ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 እና ከ1996 እስከ 2000 የተሸጡት ሁለት የሲቪክ ትውልዶች ከፊትም ከኋላም የላይና የታች ክንድ አላቸው። ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ሆንዳ የፊቱን ትቶ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ሁሉ ሾኩ ራሱ የላይኛውን ክንድ ወደሚተካበት የማክፈርሰን ዓይነት ዞረ። በቀድሞዎቹ ሲቪኮች የላይኛው ክንድ ከታችኛው አጭር ስለሆነ መኪናው ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የቁመት ልዩነት በቀጥታ የካምበር ልዩነት ይሆናል፦ የግራው ጎን 15 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የግራው ካምበር ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆንና መኪናው ወደ ከፍተኛው፣ ወደ ቀኙ ጎን ይስባል። ብዙ የሲቪክ ባለቤቶች ካምበር ማስተካከያ ከመግዛታቸው በፊት የሾኩን ቀለበት ሁለት ዙር ቢያዞሩ በቂ ይሆን ነበር።

ፋብሪካው በፊት ለፊት የሚስተካከል ካምበርም ካስተርም አላስቀመጠም፤ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፣ ከኋላም እንዲሁ። አላይመንት ቤቱ «ካምበሩ አይስተካከልም» ሲል ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ለማስተካከል የሚሸጡት የላይ ክንዶች ወይም የሚንሸራተት ቦል ጆይንት ያላቸው ዕቃዎች ይገጠማሉ። የቀድሞው ባለቤት እነዚህን ገጥሞ ከሆነ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ቦል ጆይንቱን የያዙት ዳዶዎች ላልተው ተንሸራትቶ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የላይ ክንዶቹ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ተለዋውጠው ገብተው እንደሆነ፤ ተለዋውጠው ከገቡ ካስተሩን ያዛባሉ።

የዚህ መኪና ትልቁ ደካማ ጎን ግን በታችኛው ክንድ የኋላ ጫፍ ያለው ወፍራሙ ጎሚኒ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ እንዳይገፋ የሚይዘው እሱ ነው። ሲቀደድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ካስተርና ቶም በቅጽበት ይቀየራሉ፤ አንዱ ጎን ከሌላው በፊት ስለሚቀደድም መኪናው ይስባል። የፍሬን ብልሽት መስሎ ሸራና ካሊፐር የተቀየረለት፣ በመጨረሻ ግን ጥፋቱ ይህ ጎሚኒ ሆኖ የተገኘበት ሲቪክ ብዙ ነው። በብረት ዘንግ ጠምዝዞ ሲነቀነቅ ስንጥቁ ይከፈታል። የኋላ ረጅሙ ክንድ ጎሚኒም በእርጅና ይቀደዳል፤ የኋላው ጎማ አቅጣጫውን ይስታል፣ መኪናውም እንደ ሸርጣን ይሄዳል።

በዚህ መኪና ሾኩ ከመሪው ጋር ስለማይዞር የላይ ኩሽኔታ የለውም። በኮሮላና በሌሎች የማክፈርሰን መኪናዎች ግን አለ፣ ዝቅ ሲደረጉም ተፈትቶ የሚገጠም ነው፤ ከያዘ መሪው አይመለስም። በኮሮላ ላይ ካምበር የሚስተካከለው ሾኩን ከጎማው ማቀፊያ ጋር በሚያያይዙት ሁለት ቡሎኖች ነው፤ ቶዮታ ለዚሁ የሚሆኑ አንገታቸው የቀጠነ ቡሎኖች ያቀርባል። እነዚህ ቡሎኖች ሳይጠብቁ ከቀሩ ካምበሩ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይለወጣል።

የታጠፈ ብረት

ዝቅ ያለ መኪና የመንቀሳቀሻ ቦታው አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ሲመታ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ክንዱና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። የታጠፈ የታችኛው ክንድ ወይም የጎማ ማቀፊያ ከሌላው ጎን ጋር ካልተወዳደረ በዓይን አይለይም።

እዚህ ላይ የአላይመንት ማሽኑ ከካምበርና ካስተር ሌላ የሚያወጣው አንድ ቁጥር ይጠቅማል፤ የመሪው መዞሪያ ዘንግ ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ያዘነበለበት ማዕዘን። ይህ ከካምበሩ ጋር ሲደመር በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ መሆን አለበት። ድምሩ ከተለያየ የጎማው ማቀፊያ ወይም ሾኩ ታጥፏል። ድምሩ እኩል ሆኖ ዘንበል ማለቱ ብቻ ከተለያየ ብረቱ ጤነኛ ነው፤ የተንቀሳቀሰው ከላይ ወይም ከታች የተያያዘበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሞተሩን የተሸከመው መስቀለኛ ብረት ነው። መስቀለኛ ብረቱ ካምቢዮ ሲወርድ ተፈትቶ በቦታው ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ ቡሎኖቹን አላልቶ መመለስ ይበቃል። ባለሙያው ይህን ቁጥር እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሳይጠየቅ የሚያሳይ ጥቂት ነው።

የታጠፈውን ሳይቀይሩ ጤነኛውን ጎን አበላሽቶ ማመጣጠን ይቻላል፤ ካምበሩ ሆን ተብሎ ተዛብቶ መኪናው ቀጥ እንዲሄድ ይደረጋል። ለመሸጥ ሲባል ይህ ይደረጋል። እንዲህ ያለው መኪና በባዶ መንገድ ቀጥ ይሄዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም በዝናብ ግን ግራና ቀኙ የተለያየ ስለሚይዝ ያመልጣል። ግዥ ላይ የአላይመንት ወረቀት የሚቀርብ ከሆነ «ልክ ነው» የሚለውን አረንጓዴ ቀለም ሳይሆን የግራና የቀኙን ቁጥር ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

መሪው ራሱ

ሁሉም ተፈትሾ ካልተገኘ በዘይት የሚረዳ መሪ ይጠረጠራል። የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው ሞተሩ ሲነሳ መሪው ሳይነካ ከራሱ መዞር ከጀመረ የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የዘይት ማከፋፈያ ተበላሽቷል። በኤሌክትሪክ በሚረዱት ደግሞ መሐሉን የሚያውቀው ሴንሰር ከአላይመንት በኋላ እንደገና ዜሮ መደረግ ሊኖርበት ይችላል።

አላይመንት ቤት ሲደረስ

አላይመንት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቁመትና ጎሚኒ ሳይታዩ የሚሠራ አላይመንት ቁመቱ በተስተካከለ ቀን ዋጋ ያጣል፤ ቁመት ከተቀየረ ሁሉም ማዕዘን ይቀየራልና። በማሽኑ ላይ መጀመሪያ የኋላው ይስተካከላል፤ መኪናው የሚሄድበትን መስመር የሚወስነው የኋላ ጎማ ነው። ከዚያ ከፊት ካስተር፣ ካምበር፣ በመጨረሻ መሪው መሐል ላይ ታስሮ ቶ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካስተርና ካምበር ሲነኩ ቀድሞ የተሠራው ቶ ይበላሻል።

ዝቅ ያለ መኪና ማሽኑ ላይ ሲወጣ ፊቱ ይነካል፤ ለማውጣት በእንጨት መወጣጫ መደገፍ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤቶችም በዚህ ምክንያት አይቀበሉም። ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሚነዳ ሰው የራሱን ክብደት የሚያህል ነገር በሾፌሩ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ቢጠይቅ ያዋጣዋል፤ ውጤቱ ወደ እውነተኛው ጉዞ ይቀርባል። የፋብሪካው ካምበር ልክ ለፋብሪካው ቁመት ስለሆነ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ላይደረስበት ይችላል፤ ባለሙያው ግራና ቀኙን እንዲያመሳስልና ቶውን ወደ ዜሮ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይበቃል።

የአገር ሕግም ይታያል። በጀርመን አጫጭር ሞላዎች ተመርምረው በመኪናው ወረቀት ላይ ስለሚመዘገቡ ገዢው ምን እንደተገጠመ ከወረቀቱ ማወቅ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ድረስ የተሻሻለ መኪና ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የሚወርድ አካል እንዲኖረው አይፈቀድም ነበር፤ ጎማው በተነፈሰ ጊዜ ሻንሲው አስፋልት እንዳይመታ።